በልቡ ውስጥ የታየው ቀይ

አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ይትባረክን ታቅፋ ወደ ልብ ሐኪም ሄደች። ጤና ጣቢያ ደረቱን ያዳመጠችው ነርስ «ልቡ ላይ ትርፍ ድምፅ አለ፣ በአልትራሳውንድ ይታይ» ብላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወረደላትም። ልጁ ሲተኛ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ትለጥፋለች፤ ድው ድው ብቻ ነው የሚሰማት።

ጎረቤቷ እትዬ ዘነቡ ሲሸኟት፣ «ስሚ፣ ሐኪሟን ምንም እንዳትጠይቂ። ክፉ ካናገርሻት ክፉው ይመጣል» አሏት። እሺ አለች።

ሐኪሟ የልጁን ደረት ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን አሳረፈችበት። ስክሪኑ ላይ ልቡ ታየ። እንደ ትንሽ ጡጫ ይጨበጣል፣ ይፈታል። በመሃሉ ደግሞ ነፋስ እንደነካው የበር መጋረጃ ስስ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል። እናት ተገረመች። «ይኼ ሁሉ ሥራ እዚች ደረት ውስጥ ነው?» ልትል አፏን ከፈተችና የእትዬ ዘነቡ ነገር ትዝ አላት። አፏን መልሳ ገጠመች።

ሐኪሟ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ልቡ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ተንቦገቦገ።

«አለቀልኝ፣ ልጄ ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው» አለች እናት በሆዷ። እንባዋ ግንባሩ ላይ ጠብ ሲል ይትባረክ ደንግጦ ጮኸ። ምስሉም ተረበሸ።

«የኔ እናት፣ እሱ ካለቀሰ አይታየኝም። ምን ሆነሽ ነው?»

«ደሙ... ቀዩ...»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ መሣሪያውን ከአንገትጌዋ ዝቅ አድርጋ የራሷ ደረት ላይ አደረገችው። ያው ቀይ፣ ያው ሰማያዊ።

«በይ ለእኔም አልቅሺልኝ! ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ደም ነው፣ ሰማያዊው የሚሄደው። ቀለም የሚቀባው ማሽኑ ነው።»

እናት እያለቀሰች ሳቀች። ጡቷን ብታጎርሰው ልጁም ዝም አለ። ያኔ ደፈረች።

«እንግዲያ ትርፉ ድምፅ ከየት ነው ዶክተር? ያሳዩኝ።»

ሐኪሟ በጣቷ አሳየቻት። ልቡን ለሁለት በሚከፍለው ግድግዳ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ደም ሽው ብሎ የሚያልፈው በእሷ ነው። «እንዲህ ያለችው ብዙ ጊዜ በራሷ ትዘጋለች። ከስድስት ወር በኋላ አምጪው፣ አብረን እናያታለን» አለቻት።

እናትየዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቀዳዳዋ አልተደፈነችም። ግን ምን እንደምታህል አውቃለች። ያን ቀን ምሳ በላች።

ወገኖቼ፣ ያልጠየቅነውን ነገር ፍርሃት በራሱ ቀለም ይቀባብናል። ጥያቄ ክፉ አይጠራም፤ ያለውን በልኩ ያሳያል እንጂ። እናንተስ ምንነቱን ሳትጠይቁ ያለቀሳችሁለት ቀይ የቱ ነው?