አንድ ምት የተመኘችው አህያ

ይህን ያወጉኝ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እትዬ የሺመቤት ናቸው፤ የሰው ነገር ሲያወሩ ጨመር ያደርጋሉ እንጂ በአውሬ ነገርስ አይታሙም።

አንድ ጊዜ ነብርና አህያ በወንዝ ዳር ሜዳ ላይ እሩር የምትባለዋን የቆዳ ኳስ እየተመላለሱ ይጫወቱ ነበር። የነብር ጨዋታ ዘሎ በአንድ ጥፊ መጨረስ ነው። አህያ ደግሞ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ትቆምና የመጣውን ሁሉ በኋላ እግሯ ትመልሳለች፤ የነብር ምላስ እስኪንጠለጠል። ዛሬ እሱ ቢያሸንፍ ነገ እሷ ናት። አውሬው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ያያቸዋል፤ ምን ሥራ እንዳለውስ እንጃ።

አንበሳ «የሚጫወትን ማንም እንዳይበላው» ብሎ አውጆ ነበር። አህያን በሕይወት ያኖራት ይኸው ነው።

በጨዋታ መሰዳደብ ወግ ነው፤ ቤቱ ይዞት የሚገባ የለም።

«እመት አህያ፣ እሩር ነው ወይስ ጭነት የምትመልሺው?» ይላታል ነብር።

«አያ ነብሮ፣ ምላስህን ሰብስባት፤ እንዳልረግጣት!»

ይሳሳቃሉ። ጅብ ብቻ አይስቅም፤ ለሃጩ ይወርዳል።

«እመት ቀበሮ፣ ይቺ አህያ መቼ ነው የምትበላው?»

«መጫወት ስታቆም።»

«መቼ ነው የምታቆመው?»

«አያ ጅቦ፣ አንተ አፍህን ዝጋ፣ እኔ ልክፈት። ጭኗ ግን የኔ ነው።»

ቀበሮ አህያ ዘንድ ሄደች። «ውይ እህቴ! ጭነት ሲልሽ አንጀቴ እርር አለ።»

«ጨዋታ አይደል እንዴ?»

«ለሱማ ጨዋታ ነው። አገሩ ግን ‹ነብር ይመታል፣ አህያ ታሰለቻለች› እያለ ነው። አንድ ቀን እንደሱ ዘለሽ ብትመቺ የማን አፍ ይከፈት ነበር?»

አህያ ስድቡን ይዛ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ እሩሯ ስትመጣ አህያ ወደ ፊት ሮጠች።

ነብር ደነገጠ። «ኧረ ተይ እመት አህያ! ወደ ቦታሽ! ያንቺን ጨዋታ ተጫወቺ!»

እሷ ግን ይህንንም ስድብ አደረገችው። «ዛሬ ጭነት የለም!» ብላ ዘለለች። ስታርፍ የፊት እግሯ ቀጭ አለ።

ነብር አጠገቧ ቆመ። «ቀልዴን እኮ ነበር» አላት።

«አውቅ ነበር፤ ረሳሁት» አለችው።

ጅብ አንበሳን «አሁንም እየተጫወተች ነው?» ብሎ ጠየቀው። አንበሳ ፊቱን አዞረ። ነብር ሊከላከልላት ቢሞክርም የጅብ ዘመድ ብዙ ነበር።

አህያ ተበላች። ቀበሮ ጭኗን ብትጠይቅ ጅብ አጥንቱን እንኳ አላስቀረላትም። ነብር እሩሯን ብቻውን ይመታል፤ የሚመልስለት የለምና ራሱ ሄዶ ያመጣታል።

ከዚህ የምንማረው፣ ፈጣኑን ፍጥነቱ ታጋሹንም ትዕግሥቱ ነውና የሚያኖረው፣ በቀልድ ተቆጥቶ የባላንጣውን ምት የተመኘ የገዛ እግሩን እንደሚሰብር ነው።