ወንዙ የወሰደው ሱሪ

አንዲት ሴት ከባሏ ጋር በወንዝ ዳር መናፈሻ፣ አሸዋው ላይ ድንኳን ተክላ አደረች። በማለዳ አንድ ባለሥልጣን ከነአጃቢዎቹ መጣና፣ «አሸዋውም ወንዙም የእኔ ነው፤ ድንኳንሽን ነቅለሽ ሂጂ!» ብሎ ጮኸባት።

«ወንዙም ጌታዬ?»

«ወንዙም!»

ሴትዮዋ እጅ ነሳች። «ተመስገን፣ ባለቤቱ ተገኘ! በሬ የሰው ማሳ ሲገባ መቼም ባለቤቱ ይክሳል። ትናንት ባሌ ሱሪውን ሲያጥብ ወንዝዎ ነጥቆት ሄደ። ይኸው በእኔ ነጠላ ተጠቅልሎ ከድንኳን መውጣት አፍሯል። ወይ ወንዝዎ ይመልስልን፣ ወይ የለበሱትን ያውልቁልን።»

አጃቢዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ባለሥልጣኑ ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ኧረ ወንዝማ የእግዜር ነው!» አለ።

«እንግዲያውስ ወንዙ ያመጣው አሸዋም የእግዜር ነው፤ እኛም የእግዜር እንግዶች ነን፤ ባለቤቱ ውጡ ሲለን እንወጣለን።»