ባለ ሦስት ሰሌዳው ምሰሶ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በከተማ በሚኖሩበት ዘመን፣ ድንጋይ ሜዳ የምትባል ከተማ ነበረች። ካርታ አልነበራትም፤ ቢሆንም ማንም አይጠፋባትም። የአህዮች በረት ቀይ በር ነበረው። የጅብ ቤት ደጃፍ ላይ የአጥንት ክምር ነበር። የአንበሳ ችሎት በሰገነቱ ይታወቃል። መሐል አደባባዩ ላይ ትልቅ ሾላ ቆሟል። መንገድ የጠፋው እንግዳ «ሾላው ጋ ስትደርስ ጠይቅ» ይባላል፤ በሾላው ጥላ ሥር ደግሞ የሚመልስለት አያጣም።

አንድ ቀን አንበሳው ከሰገነቱ ሆኖ ከተማዋን አያት። አልወደዳትም። ቀበሮን አስጠራ።

«ይህ ሁሉ ዝብርቅርቅ ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ እኔም ሳፍርበት ነው የኖርኩት» አለ ቀበሮ። «ለእኔ ይተዉት። ከዚህ ሆነው ሲያዩዋት ዓይንዎ የሚያርፍባት ከተማ አደርጋታለሁ።»

ቀበሮ ቃሉን ጠበቀ። ቤቱን ሁሉ ግራጫ አስቀባ። ቀዩ በር ግራጫ ሆነ። የጅቡ አጥንት ተጠረገ። ሾላው ተቆረጠ፤ አደባባዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈበት። በሾላው ፈንታ ረጅም ምሰሶ ተተከለ። ምሰሶው ጫፍ ላይ ሦስት ሰሌዳዎች ነበሩ። ጆሮ የተሳለበት ወደ አህዮች በረት፣ ጥርስ የተሳለበት ወደ ጅብ ቤት፣ ጎፈር የተሳለበት ወደ አንበሳ ችሎት ያመለክታል። ሰሌዳዎቹ የተሰቀሉት ከሰገነቱ ትክክል ነው፤ አንበሳው ቁጭ ብሎ እንዲያያቸው።

በምርቃቱ ቀን እመት አህያ ጆሮዋን አነሳች።

«ቀበሮ፣ ሰሌዳው ለእኔ ከፍ አለ። መንገድ ላይ ስሆን ሸክም አለብኝ። ቀና ማለት አልችልም።»

«ስታርፊ ታይዋለሻ፣ እመት አህያ!»

«ሳርፍማ ቤቴ ነኝ። ያን ጊዜ ሰሌዳ ምን ያደርግልኛል?»

ተሰብሳቢው ሳቀ። ቀበሮም አብሮ ሳቀና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ምሰሶው ሥሩ ላይ ድንጋይ እንዳልተደረገለት፣ የያዘው ልል አፈር ብቻ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ክረምት ገባ። ጉም ወረደ። ግራጫ ከተማ በግራጫ ጉም ውስጥ ምን እንደምትመስል መናገር አያስፈልግም።

አያ ጅቦ እህል ከቀመሰ ሁለት ቀኑ ነው። በአደባባዩ ሲያልፍ ጀርባውን በላው፤ ምሰሶው ላይ ተደግፎ ተፋተገ። ምሰሶው ተነቃነቀ። ገፋ አደረገው። ዞረ። ቀና ቢል ጆሮ የተሳለበት ሰሌዳ ልክ ወደ እሱ ቤት ያመለክታል።

«እሰይ!» አለ ጅቡ። «ምሳዬ በእግሩ ሊመጣ ነው። እስከዚያው ውሃ ልቅመስ፤ ሥጋ ያለ ውሃ አይወርድም።»

ወደ ወንዝ ወረደ። አንድ ነገር ግን አላስተዋለም። ምሰሶ ሲዞር ሰሌዳው ሁሉ ይዞራል። የጥርሱ ሰሌዳ አሁን የሚያመለክተው ወደ አንበሳው ችሎት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እመት አህያ ሁለት ጆንያ ኖራ ተሸክማ አደባባዩ ላይ ደረሰች። ካፊያ ጀምሯል። ዝናብ የነካው ኖራ ቆዳ ይበላል፤ የተሸከመ ያውቀዋል። ፈጥና ቤቷ ካልገባች ጀርባዋ ይላጣል። ግን ቤቷ በየት በኩል ነው? ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ። ቆመች።

ጅቡ ከወንዝ ሲመለስ አገኛት። ምራቁን ዋጠ።

«እመት አህያ! ምነው በዝናብ ቆምሽ?»

«መንገዱ ጠፋኝ፣ አያ ጅቦ።»

«ሰሌዳ እያለልሽ? ያን የሚያህል ጆሮ ተስሎልሽ?»

«ቀና ማለት አልቻልኩም።»

«በይ እኔ ልይልሽ፤ ጎረቤት ለመቼ ነው? ጆሮሽ በዚህ ወደ ታች ይላል። ዝም ብለሽ ሂጂ። በሩ ክፍት ነው።»

«በሩ ክፍት መሆኑን በምን አወቅህ?»

ጅቡ ትንሽ አሰበ። «በዝናብ ጊዜ በር አይዘጋም» አለ።

ኖራው ጀርባዋን መለብለብ ጀምሯል። የምትመርጥበት ጊዜ አልነበራትም። ሄደች።

ጅቡ ቀድሟት ሊደርስ ቸኮለ። የገዛ ቤቱን የሚያውቀው በአጥንቱ ክምር ነበር፤ ክምሩ ግን የለም። ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። ጥርሱ ወደ ላይ ያመለክታል።

«እንዴ! ቤቴ በዚህ ነበር እንዴ?» አለ። «እንግዲህ ሰሌዳ አይዋሽም።» ወደ ላይ ሮጠ።

እመት አህያ አሥር እርምጃ ያህል እንደሄደች ጆንያው ወደ አንገቷ ተንሸራተተ። ቁልቁለት ነው። ወደ ቤቷ ሲኬድ ቁልቁለት የለም፤ ይህን ዓይኗ ባያየው ትከሻዋ ያውቀዋል። ወደ ኋላ ተመለሰች። አደባባዩን በኮቴዋ ትዳብስ ጀመር። ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ጉብታ።

ሾላውን የቆረጡት ሥሩን አልነቀሉትም ነበር። ሥሩ ከታች ገፍቶ ድንጋዩን አንስቶታል። ይህን ሥር ዕድሜዋን ሙሉ ተሻግራዋለች። ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቀጥታ ነው።

በግራ ታጠፈች። ግራጫውን በር በግንባሯ ገፋችው። የገለባ ሽታ ተቀበላት። ሌሎቹ አህዮች ተጋግዘው ጆንያውን አወረዱላት፤ ጀርባዋን በውሃ አጠቡላት። ቆዳዋ ቀልቷል፤ አልተላጠም።

«እፎይ!» አለች።

ጅቡ በዚያው ሰዓት በአንድ ግራጫ በር ገብቶ፣ ጨለማው ውስጥ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የእግር ኮቴ ሰማ።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ቤት ለእንግዳ!» ብሎ ዘለለና ነከሰ። የነከሰው የአንበሳውን ጭራ ነበር።

ችሎቱ በግሣት ተናወጠ። ጅቡ መሬት ላይ ተነጠፈ።

«ጌታዬ፣ አህያዋን መስለውኝ ነው! ምሰሶውን ያዞርኩት ለእሷ ብቻ ነበር። እርስዎም አብረው ይዞራሉ ብዬ አላሰብኩም!»

አንበሳው ጭራውን እየላሰ ቀበሮን አስጠራ።

«ምሰሶው ለምን ይዞራል?»

«ጌታዬ፣ ከሰገነት ሲታይ እኮ አይታወቅም ነበር።»

አንበሳው ሰገነቱን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ሁላችንም አላየንም» አለ። «ጅቡ ድንጋይ ተሸክሞ ምሰሶውን ያጥብቅ። አንተ ደግሞ ሁለት ጆንያ አሸዋ ተሸክመህ፣ አንገትህን ደፍተህ ከተማዋን ዙር። በጠፋህበት ቦታ ሁሉ ምልክት አድርግ።»

ቀበሮ እስከ እኩለ ቀን ሰባት ጊዜ ጠፋ። ሰባት ቦታ፣ በጉልበት ልክ፣ ድንጋይ ላይ ጆሮና ጥርስ ቀረጸ። ስምንተኛው ላይ ግን የአህዮችን በር ራሱ ቀይ ቀባው። ማንም አላዘዘውም። ትከሻው ነው ያዘዘው።

ክረምቱ ሲወጣ ከተነሳው ድንጋይ ሥር የሾላ ቅጠል ብቅ አለ። እመት አህያ አጠገቡ ስትደርስ ዳር ይዛ አለፈች፤ እንዳትረግጠው።

ከዚህ የምንማረው ከተማን የሚያሳምር ከሰገነት ወርዶ፣ ሸክም እንዳለበት አንገቱን ደፍቶ ካልሄደባት፣ ያሳመረው ለዓይኑ እንጂ ለሚኖርባት እንዳልሆነ ነው።