ግንደ ቆርቁር ሱባኤ የገባ ጊዜ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ወሬ ያላችሁ ለነገ አቆዩት።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ሰላምታ በሚሰጥበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ጫካ ውስጥ አንድ ግንደ ቆርቁር ይኖር ነበር። ሥራው አናጢነት ነው። ቤት የሌለው ወፍ ይጠራዋል፤ እርሱም ግንድ ፈልፍሎ ቤት ያወጣለታል።

ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። አባቱ ሲያስተምረው፣ «ልጄ፣ ሦስቴ አንኳኳ፤ ከዚያ ጆሮህን ግንዱ ላይ ጥለህ አድምጥ። ጤነኛ ዛፍ ‹ድም› ይላል፤ ውስጡ የተበላ ‹ቦ› ይላል። ዛፉ ሳይነግርህ እንዳትፈለፍል» ብሎት ነበር።

ልጁ ጎበዝ ሆነና ስም ወጣለት። ስም ሲወጣለት ደንበኛ በዛ፤ ደንበኛ ሲበዛ ጊዜ አጠረ። ገና ጎህ ሲቀድ «አያ ግንደ ቆርቁር፣ ቤት!» ይሉታል። ምሳውን ሲጎርስ «አያ ግንደ ቆርቁር፣ በር!» ይሉታል። ክንፉን አጥፎ ሊተኛ ሲል «አያ ግንደ ቆርቁር፣ ጣራዬ!» ይሉታል። እርሱም «መጣሁ! መጣሁ! መጣሁ!» ይላል። እየቆየ ሲሄድ ማንኳኳቱን ያዘ፣ ማድመጡን ተወ።

ምንቃሩ ይህን ታዘበ።

«ጌታዬ፣ ይኼን ዛፍ እኮ አልሰማነውም።»

«አንተ ደግሞ! የአንተ ሥራ መቆርቆር ነው፤ ቆርቁር።»

«እሺ። ስንወድቅ ግን ቀድሜ መሬት የምነካው እኔ ነኝ» አለ ምንቃሩ።

መጀመሪያ ለእመት በቀቀን ቤት ሠራላት። እመት በቀቀን ጎረቤቶቿን ለምርቃት ጠርታ፣ ገና ወሬዋን ስትጀምር ወለሉ ተደረመሰ። እርሷም ወሬዋን ሳታቋርጥ ወደቀች፤ «እናም እላችኋለሁ…» እያለች መሬት ደረሰች።

ቀጥሎ ለአያ ጉጉት ሠራለት። አያ ጉጉት በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ ሳለ፣ ምስጥ የበላው ግድግዳ ተናደና ብርሃን ዐይኑ ላይ ወደቀበት።

«አንተ ሰውዬ፣ አናጢ ነህ ወይስ መስኮት ከፋች?» አለው በቁጣ።

በሦስተኛው እመት እርግብ መጣች።

«አያ ግንደ ቆርቁር፣ እንቁላሌ ሆዴ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ሰማይ ላይ ነው። ሁለቱም ቀጠሮ አያውቁም። ያንን ትልቁን ዋርካ መርጫለሁና ቤት አውጣልኝ።»

«የበቀቀንንና የጉጉትን ጉድ አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። እኔ ግን አባትህ በሠራው ቤት ውስጥ ነው የተፈለፈልኩት። አምንሃለሁ» አለችው።

ግንደ ቆርቁር ሲሰደብ ያልደነገጠውን፣ ሲታመን ደነገጠ። ዋርካው ላይ ወጥቶ ሦስቴ አንኳኳ። ከዚያም እንደ ድሮው ጆሮውን ግንዱ ላይ ጣለ።

ኳ ኳ ኳ!

ማንኳኳቱን አቁሟል፤ ድምፁ ግን አልቆመም። በሌላ በኩል ዞሮ ጆሮውን ጣለ። ኳ ኳ ኳ!

«አንተ፣ አርፈህ አትቀመጥም?» አለው ምንቃሩን።

«እኔማ ዝም ካልኩ ቆየሁ።»

«ታዲያ ይኼ የሚያንኳኳው ማነው?»

«ራስህ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ።»

ግንደ ቆርቁር ፈራ። እርግቢቱን ጥቂት ቀን እንድትታገሠው ለመናት። እርሷም ደመናውን አየች፤ ሆዷን አየች። «እኔስ እታገሥሃለሁ፤ እነርሱ ከታገሡ» አለችው።

በጫካው ጥግ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንድ ረጅም ዝግባ አለ። እዚያ ላይ ነጭ ካባ የደረቡ ጉሬዛዎች ይኖራሉ፤ ቅጠል ይበላሉ፣ መሬት አይወርዱም፣ ብዙ አያወሩም። የጫካው መናኞች ናቸው። ግንደ ቆርቁር እየበረረ አለቃቸው አባ ጉሬዛ ዘንድ ደረሰ።

«አባ፣ ጆሮዬ ታሟል። መድኃኒት ይስጡኝ፤ ፈጠን የሚል ይሁን!»

አባ ጉሬዛ የያዙትን ቅጠል ቀስ ብለው አኝከው ጨረሱ።

«ጆሮህ ደህና ነው፤ ሞልቶ ነው እንጂ። ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ቀርቷታል። እስከዚያ ከእኛ ጋር ሱባኤ ግባ። አታንኳኳ፣ አታውራ፣ አትጠይቅ። ተቀመጥ።»

«ተቀምጬስ ምን ልሥራ?»

«ይኸው፣ ጠየቅህ።»

«ግን እኮ አባ፣ እርግቢቱ እንቁላሏ ደርሷል፣ ዝናቡም…»

«በማይሰማ ጆሮ የተሠራ ቤት ዝናብ አያስጥልም» አሉና ሌላ ቅጠል ጎረሱ።

ግንደ ቆርቁር ተቀመጠ።

መጀመሪያ ሥራው መጣበት። የእገሌ በር፣ የእገሊት ጣራ፣ የእነ እገሌ ወለል! ክንፉ ይነሣል፣ እግሩ ይቅበጠበጣል። ምንቃሩም ሳያስበው ቅርንጫፉን «ኳ!» አደረገው። ጉሬዛዎቹ ሁሉ ዘወር ብለው አዩት። ምንቃሩ «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» ሊል አሰበና፣ ወሬም እንደተከለከለ ትዝ ሲለው ተከደነ።

ቀጥሎ ኀፍረቱ መጣበት። የበቀቀን ወለል፣ የጉጉት ግድግዳ፣ የአባቱ ምክር። በዚህ ላይ እመት በቀቀን ከዛፉ ሥር መጥታ፣ «እዩልኝ! ዝናብ ሊመጣ ቤት ሠሪው ተጎልቷል! ምነው፣ እንቁላል ታቅፈሃል እንዴ?» እያለች ጮኸች። ግንደ ቆርቁር መልስ ሊሰጣት ምንቃሩን ከፈተ። አባ ጉሬዛ ግን አንድ ለምለም ቅጠል አጎረሱት። ቅጠሉን እያላመጠ ቆየ። አላምጦ ሲጨርስ መልሱም ጠፍቶታል፣ እመት በቀቀንም ሄዳለች።

በመጨረሻ ዝምታው መጣ። በራሱ ውስጥ የነበረው ኳኳታ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። አባጨጓሬ ቅጠል ስትቆረጥም ሰማ። ውሃ ከሥር ተነሥቶ በግንዱ ውስጥ ሲወጣ ሰማ። የገዛ ልቡን ሰማ፤ ልቡ ለካ አይቸኩልም። ከዚያም አንድ ማለዳ፣ ከእግሩ ሥር ወፍራም ድምፅ መጣ።

«እንደምን አደርህ፣ የአናጢው ልጅ?»

ዝግባው ነበር! ግንደ ቆርቁር አባ ጉሬዛን አየ። አባ ጉሬዛም ሳቅ ብለው፣ «ጨረቃዋ ትናንት ሞልታለች። አውራ» አሉት።

«አንተ ትናገራለህ እንዴ?» አለው ዝግባውን።

«ሁላችንም በየቀኑ ሰላም እንልሃለን። አንተ ‹መጣሁ! መጣሁ!› እያልህ ታልፋለህ።»

ግንደ ቆርቁር በደስታ ሦስቴ ተገለባብጦ ወደ እርግቢቱ በረረ። ሰማዩ ጠቁሯል። ወፎቹ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰብስበዋል።

«ዛሬ ነው፣ አያ» አለችው እመት እርግብ፣ ሆዷን ይዛ።

አንዴ አንኳኳና ጆሮውን ጣለ።

«ፍጠን እንጂ!» አለች እመት በቀቀን።

ዝም።

«ኧረ ጠብ አለ! ዝናቡ ጀመረ!» አለ አያ ጉጉት።

ዝም። ያን ጊዜ ዋርካው በለሆሳስ ተናገረ።

«የኔ ልጅ፣ መልኬን አትይ፤ ምስጥ ሆዴን ጨርሶታል። ከኋላዬ ያለችውን ትንሿን ወይራ ጠይቃት።»

ወይራዋን አንኳኳ። ‹ድም!› አለች። «እሺ፣ ፈልፍለኝ። ጠንካራ ነኝና ምንቃርህን ያመዋል።»

«አይ ዕድሌ!» አለ ምንቃሩ፤ ግን እንደዚያ ቀን ቆርቁሮ አያውቅም። እርግቢቱ ገብታ ክንፏን ሰብሰብ ከማድረጓ ዶፉ ወረደ። ነፋሱ መጣ። ያ ትልቅ ዋርካ ጓ ብሎ ለሁለት ተገመሰና ወደቀ። ጫካው በሙሉ ጸጥ አለ፤ እመት በቀቀን እንኳ ዝም አለች።

ከወይራዋ ውስጥ የእርግብ ድምፅ መጣ፦ «ሁለት ናቸው! ሁለት እንቁላል!»

ዝናቡ ላይ እልልታው ቀለጠ።

ከዚያ ወዲያ ግንደ ቆርቁር የበቀቀንንም የጉጉትንም ቤት እንደገና ሠራ። የእርግብ ጫጩቶች ሲያድጉ ሙያውን ሊያዩ እየመጡ ይቀመጡ ነበር፤ እርሱም የአባቱን ምክር ገልብጦ፣ «አንዴ አንኳኩ፣ ሦስቴ አድምጡ» ይላቸው ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አባ ጉሬዛ ዘንድ ይሄዳል፤ ያን ሰሞን ማንም አይጠራውም። እመት በቀቀንም ቀንታ ሱባኤ ገባች። እስከ ረፋድ ቆየችና ወጣች፤ ምን ያህል ዝም እንዳለች ስታወራ ግን እስከ ማታ ዋለች።

እኔም ተረቴን እዚህ ላሳርፈው፤ እናንተም ጆሮአችሁን አሳርፉት። ያላረፈ ምንቃር ቤት ያፈርሳል፤ ያረፈ ጆሮ ቤት ያቆማል።