ቤት የሌለው በር

ከሚሌ ተነስቶ ወደ ሎግያ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ሜዳው ከጥቁር ድንጋይና ከአቧራ በቀር ምንም የሌለው መስሎ ሲታክተው፣ በስተቀኝ በኩል ብቻውን የቆመ አንድ በር ያያል። የአሮጌ ከባድ መኪና በር ነው። እግሩ በድንጋይ ክምር ተይዞ ቆሟል፤ መስታወት የለውም፣ ቀለሙን ፀሐይ ልጣዋለች፣ ከኋላውም ቤት፣ አጥር ወይም ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። ከፊቱ አንድ የዛገ ባሌስትራ፣ የመኪናን ጭነት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ተጋድሟል። ከባሌስትራው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

የመስመሩ ሾፌሮች እዚህ ሲደርሱ ወርደው በሩን ያንኳኳሉ፣ ከድርድሩ ላይ አንድ ድንጋይ ይጨምሩና ይሄዳሉ። መንገዱ አዲስ የሆነበት ተሳፋሪ ይስቃል።

«ጋሼ፣ ባይከፍቱልህ በመስኮቱ ልትገባ ነው?»

«አንተ ዝም ብለህ ድንጋይ አቀብለኝ» ይላል ሾፌሩ።

ነገሩ የጀመረው መንገዱ ገና ኮረኮንች በነበረበት ዘመን ነው ይባላል። እንድሪስ ይመር የሚባል የኮምቦልቻ ሾፌርና መንበሩ የሚባል ረዳቱ ከአሰብ ጨው ጭነው ሲመለሱ፣ እዚህ ቦታ ላይ ባሌስትራቸው ተሰበረ። ሁለቱም ጎልማሶች፣ ብዙ ዘመን አብረው የሠሩ ነበሩ፤ እንድሪስ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከጋቢናው ሌላ ቤት፣ ከመንበሩም ሌላ ቤተሰብ አልነበረውም ይላሉ። በሾፌር ወግ፣ መኪና የተበላሸበት ሰው ከኋላ የሚመጣው እንዲጠነቀቅ በመንገዱ ላይ ድንጋይ ይደረድራል፤ እነሱም ደረደሩ። ጭነት ያለው መኪና ተጥሎ አይኬድምና እንድሪስ ሊጠብቅ፣ መንበሩ ደግሞ ኮምቦልቻ ሄዶ ሌላ ባሌስትራ ሊያመጣ ተስማሙ።

«ከዚህ እንዳትነቃነቅ» አለው መንበሩ፣ ባገኘው መኪና ላይ እየወጣ።

«በተሰበረ ባሌስትራ ወዴት እነቃነቃለሁ? አንተ ብቻ ድንጋዮቹን እያየህ ና።»

እንደሚነገረው፣ በማግስቱ አመሻሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና ድንጋዮቹን ዘግይቶ በማየቱ ከመገልበጥ ለጥቂት ተረፈ። እንድሪስ አፈረ፤ በድንጋዩ ሰው ያስገለበጠ ሾፌር በዚያ መስመር ስሙ ክፉኛ ይነሳ ነበርና። ያንኑ ሾፌር ለምኖ የራሱን መኪና በቀስታ አስጎተተና ከመንገዱ ወጣ ብሎ ካለው ጥቁር ጉብታ ጀርባ አቆመው። ከዚያም ድንጋዮቹን አንድም ሳያስቀር ለቅሞ ጣለ። ብዙዎች ድንጋዩን እንዳለ ትተውት ይሄዳሉ፤ ማንሳት የጨዋ ሾፌር ሥራ ነው። መንበሩ ቦታውን አይስተውም ብሎ አሰበ።

መንበሩ ባሌስትራውን ይዞ በአንድ ወደ አሰብ በሚወርድ መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ መጣ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ድንጋይ ፈለገ፤ ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ድንጋይ ግን አልነበረም። እንድሪስን ወደ አሰብ ጎትተው መልሰውታል ብሎ ደመደመና አለፈ። እንድሪስ ከጉብታው ጀርባ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሮጦ ሲወጣ የጠበቀው አቧራ ብቻ ነበር።

በአፋር ሰው ከሰው ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይሉታል። እንድሪስ ከጉብታው ጀርባ መሆኑን የአካባቢው ግመል ጠባቂ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሐመዱ የሚባሉ ሽማግሌ ይህን ሲያነሱ እንዲህ ይሉ ነበር ይባላል፦ «መንበሩ ወርዶ አንዳችንን ቢጠይቅ እንነግረው ነበር። መኪና ላይ ያለ ሰው ግን ዳጉ የለውም፤ ያልፋል።»

እንድሪስ ይህ እንዳይደገም የጋቢናውን በር ነቅሎ መንገዱ ዳር ተከለ፤ ከበሩ ኋላም የመኪናውን ሸራ ወጥሮ ከሥሩ ተቀመጠ። ውኃና ዳቦ ይዘውለት የሚቆሙ ሾፌሮች በጎን ዞረው ከመጡ አያናግራቸውም ነበር።

«እንዴ ጋሽ እንድሪስ፣ ግድግዳ በሌለበት ምኑን ነው የማንኳኳው?»

«የሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ተመለስና አንኳኳ።»

ሲያንኳኩ ከሸራው ሥር ይነሳል፣ ልብሱን ያራግፋል፣ በመስኮቱ ብቅ ብሎ መጀመሪያ ፊታቸውን ያያል። ግቡ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ይስቁበት ነበር፤ ቢሆንም ያንኳኩ ነበር።

ኋላ የመኪናው ባለቤት ሰው ልኮ ጨዉንና ሞተሩን አስጫነ። የመጡትም ሰዎች እንድሪስን ውጣና እንሂድ አሉት።

«መንበሩ ሲመጣ ማን ይነግረዋል?»

«ለመንገደኛው ሁሉ እናስነግርልሃለን።»

«ያን ጊዜም ቦታውን አይስተውም ብዬ ነበር» አለና ቀረ።

መንበሩ በበኩሉ አሰብ ላይ ጠይቆ ጠይቆ ቢያጣው፣ ሌላ ረዳት ይዞ ጥሎኝ ሄደ ብሎ ተቀየመ። ወደብ ሥራ ገብቶ እዚያው ኖረ፤ ባሌስትራውን ግን አልሸጠውም ይባላል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሾፌሮች በሜዳ ላይ በር ተክሎ ስለሚኖር ሰው እየተሳሳቁ ሲያወሩ ሰማ። የሰውየውን ስም ጠየቀ። ሲነግሩት ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ባሌስትራውን ይዞ ደረሰና አንኳኳ። ብቅ ያለ ሰው አልነበረም። ሸራው ወልቆ አንድ ጎኑ መሬት ላይ ይጎተት ነበር። ሐመዱ ከግመሎቻቸው መካከል ወጥተው ምን እንዳሉት ሁለት ዓይነት ይነገራል። አንዳንዶች እንድሪስ ሞቶ ከጉብታው ጀርባ መቀበሩን ነገሩት ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ታሞ ሳለ ወዴት እንደሆነ በማይታወቅ መኪና መጫኑን። ከጉብታው ጀርባ የድንጋይ ቁልል አለ፤ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ሰው አልተገኘም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙት በመልእክቱ ነው።

«ከመጣ፣ ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ በለው ብሎኛል» አሉት ሐመዱ።

መንበሩ ባሌስትራውን በሩ ፊት አስቀመጠ፤ ከዚያም እስኪመሽ ድረስ ከሜዳው ድንጋይ እየለቀመ፣ መንገደኛ እንዳያደናቅፍ ተጠንቅቆ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ጠርዝ ደረደረ።

አስፋልቱ ሲሠራ ሠራተኞቹ ድንጋዮቹን ወደ ጎን አንስተው ሲጨርሱ መልሰው ደረደሯቸው ይላሉ። ዛሬ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ የሚቻለው ባሌስትራውን ነው። ዝገት በልቶታል፤ ቅስቱ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ የመታሰሪያው ቀዳዳም ብሎን አልነካውም። አንድም ቀን ጭነት አልተሸከመም። ሾፌሮቹም ካንኳኩ በኋላ ወዲያው አይሄዱም። የተኛ ሰው ከሸራ ሥር ተነስቶ፣ ልብሱን አራግፎ እስኪመጣ ያህል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ይቆማሉ፤ ከዚያ ድንጋያቸውን አስቀምጠው ይሄዳሉ።