የትርንጎ ወፍራም ክር እና አልፈጭ ያለው ወፍጮ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የተፈጸመው በእውነትም አዲስ አበባ፣ ላም በረት ሰፈር፣ ድሮ ላሞች ይታለቡበት በነበረ በረት ውስጥ ነው። ላሞቹ ከተሸጡ በኋላ ባለቤቷ እትዬ ዝማም ጭቃውን በብሎኬት ለውጠው፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስለስነው፣ ለአንድ የሙዚቃ ባንድ መለማመጃ አከራዩት። በዚያ ባንድ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበረች።

ቤዝ ጊታር ለማያውቅ፣ አራት ወፋፍራም ክር ያለው ጊታር ነው። ዘፈን ቤት ቢሆን ቤዝ መሠረቱ ነው፤ መሠረት ደግሞ መኖሩ የሚታወቀው የጠፋ ቀን ነው። ትርንጎ ሰባት ዓመት ሙሉ መሠረት ሆና ኖራለች። ጣቷ አያሳፍራትም፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ የወፍራሙ ክር ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲወጣላት።

አልወጣላትም። ክሩን ስትመታው በረቱ «እምምምም» ይላል። ሌላውን ስትመታም ያው «እምምምም» ነው። ላሞቹ ተመልሰው የመጡ ይመስል ነበር። ድምፃዊው «ጨምሪ እንጂ!» ይላታል፤ ትጨምራለች፤ እምታው ይብሳል። ሐሙስ ዕለት የባንዱ መሪ ጋሼ ተካልኝ ትዕግሥታቸው አለቀና ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ስሚ ትርንጎ፤ እሑድ ሠርግ አለብን። እስከ ቅዳሜ ድምፅሽ ካልጠራ፣ ቤዙን ኢዮስያስ በኪቦርዱ፣ በግራ እጁ ይጫወተዋል። አንቺ ታርፊያለሽ» አሏት።

በባንድ ቋንቋ «ታርፊያለሽ» ማለት «እንግዲህ ደህና ሁኚ» ማለት ነው። ሰባት ዓመት የሠራችበትን ቦታ ለአንድ ሰው ግራ እጅ! ትርንጎ ተናደደች፤ ግን አላለቀሰችም።

«ማረፍ ለደከመው ነው፤ እኔን ማን ደከመሽ አለኝ?» ብላ ጊታሯን አንጠለጠለችና የድምፁን ጠላት ፍለጋ ተነሳች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ አምፕሊፋየሩ ነው። አምፕሊፋየር ጊታሩ የሚናገርበት ትልቁ ሣጥን ነው፤ የቤት ስሙ አምፑ ይባላል።

«አምፑ፣ አምፑ! ድምፄ ጥርት አልል አለ። እባክህ በወጉ ተናገርልኝ።»

«አልናገርም» አለ አምፑ። «አንቺ የምትሰጪኝን እኔ እንዳለ አወጣለሁ። የሚያበላሽብኝ ጥጉ ነው። ‹ቤዝ ቦታው ጥግ ነው› ብላችሁ ጀርባዬን ከሁለት ግድግዳ ጋር አጣበቃችሁኝ። እኔ አንድ ቃል ስናገር እሱ ሦስት ይጨምርበታል። ጥጉ ዝም ይበልና እናገራለሁ።»

ትርንጎ አምፑን ወደ ፊት ልትስበው ሞከረች። የት ይሳብ? መሀሉን ድራሙ ይዞታል፣ በሩን ኪቦርዱ ይዞታል፤ ከዚያ ጥግ በቀር የቀረ ቦታ የለም። ስለዚህ ዞራ ወደ ጥጉ ሄደች።

«ጥግ፣ ጥግ! አምፑ አልናገር አለ፤ ድምፄም ጥርት አልል አለ። እባክህ ዝም በልልኝ።»

«ዝም አልልም» አለ ጥጉ። «ባዶ ነኛ! ባዶ ጥግ የሰማውን ከመመለስ ሌላ ምን ሥራ አለው? ወሬኛ ነህ ብትይኝ አልቀየምሽም፤ ሥራ ፈት ሁሉ ወሬኛ ነው። ይልቅ አንድ ወፍራም ፍራሽ አቁሚብኝ። እሱ ወሬውን ይዋጠውና እኔም ዝም እላለሁ።»

ከበረቱ ጀርባ፣ የድሮ ዘበኛ ጥሎት የሄደ አንድ የጥጥ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ትርንጎ ወደ ፍራሹ ሄደች።

«ፍራሽ፣ ፍራሽ! ጥጉ ዝም አልል አለ፤ አምፑ አልናገር አለ፤ ድምፄም ጥርት አልል አለ። እባክህ ወሬውን ዋጥልኝ።»

«አልውጥም» አለ ፍራሹ። «በምን ሆዴ? እዪኝ እስኪ፣ ቂጣ መስያለሁ! አሥር ዓመት ሰው ተኝቶብኝ ጥጤ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ሆኗል። ድንጋይ ድምፅ ሲመልስ እንጂ ሲውጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? ፍራሽ አዳሹ ጥጤን ያፍታታልኝና እውጣለሁ።»

ደግነቱ ፍራሽ አዳሽ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይደክምም። ጆሮውን ወደ መንገድ ካቆመ ይበቃዋል። «ፍራሽ አዳሽ!» እያሉ ጋሽ ሸምሱ ብቅ አሉ፤ ሁለት ቀጫጭን ዱላ በትከሻቸው፣ ረጅም መርፌ በኮፍያቸው ላይ። ትርንጎ ሮጣ ደረሰችባቸው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ይድረሱልኝ! ፍራሹ አልውጥ አለ፤ ጥጉ ዝም አልል አለ፤ አምፑ አልናገር አለ፤ ድምፄም ጥርት አልል አለ። እባክዎ ያድሱልኝ።»

ጋሽ ሸምሱ ፍራሹን በጣታቸው ጫን አድርገው አዩትና፣ «ይሄማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚህም የባሰ አፍታትቻለሁ» አሉ። «ግን አላድስም ልጄ። ጥጡን ዘርግቼ የምደበድበው ሰፊና ፀሐይ ያለው ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ ይኸው ግቢው ነው፤ ግቢው ላይ ደግሞ የእትዬ ዝማም በርበሬ ተሰጥቷል። ብናኙ በርበሬያቸው ላይ ካረፈ፣ እኔኑ ከነጥጤ ከበርበሬው ጋር ይደልዙኛል! በርበሬው ይነሳልኝና አድሳለሁ።»

ትርንጎ ወደ እትዬ ዝማም ሄደች። እትዬ ዝማም ጃንጥላ ዘርግተው፣ ዶሮ እንዳይገባበት አርጩሜ ይዘው፣ በርበሬያቸውን እንደ አራስ ይጠብቃሉ።

«እትዬ ዝማም! ጋሽ ሸምሱ አላድስ አሉ፤ ፍራሹ አልውጥ አለ፤ ጥጉ ዝም አልል አለ፤ አምፑ አልናገር አለ፤ ድምፄም ጥርት አልል አለ። እባክዎ በርበሬውን ያንሱልኝ።»

«አምፑሉ ተቃጥሎ ነው?» አሉ እትዬ ዝማም። «አንዲት አምፑል ለመቀየር ነው ይሄን ሁሉ ሰው የምታስቸግሪው?»

«አምፑል አይደለም እትዬ፤ አምፑ ነው።»

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ለማንኛውም በርበሬዬን አላነሳም። ይኸው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ጆንያ ውስጥ ከርቸም ባደርገው ይለዝዝብኛል፤ ከፀሐይ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ነው የሚሄደው። ወፍጮው ደግሞ ከተዘጋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ባልቻ ምን እንደነካው እንጃ! እሱ ይፍጭልኝና አነሳዋለሁ።»

ቀኑ ዓርብ ሆኗል። ትርንጎ ጊታሯን በጀርባዋ አዝላ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደች። የወፍጮው ባለቤት አቶ ባልቻ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሷል፣ ፊታቸው ግን ጠቁሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ቆመው ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ስለዚህ ትርንጎ ጎንበስ ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«አባባ ባልቻ! በርበሬው አልነሳ አለ! ጋሽ ሸምሱ አላድስ አሉ! ፍራሹ አልውጥ አለ! ጥጉ ዝም አልል አለ! አምፑ አልናገር አለ! ድምፄም ጥርት አልል አለ! እባክዎ ይፍጩልኝ!»

አቶ ባልቻ አፏን አፏን አዩ።

«የምን ድምፅ ነው የምትዪኝ?»

«የቤዝ ነዋ! ቤዝ! ቤዝ!»

«ቤዛ?» አሉ አቶ ባልቻ ከመቀመጫቸው ዘለው። «ቤዛዬ ምን ሆነች?»

ትርንጎ ክው አለች። የእሑዷ ሙሽራ ስም ትዝ አላት፤ ለካስ ሠርጉ የአቶ ባልቻ ልጅ፣ የቤዛ ሠርግ ነው። «ቤዛ ምንም አልሆነችም፤ ደህና ናት» ብላ ቀስ አድርጋ፣ ከንፈሯን እንዲያነቡ ተናገረች። አቶ ባልቻ ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

«እሷ ደህና ናት፤ እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት» አሉ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሑድ እልል ሲባልላት አልሰማም፤ ሲዘፈንላት አልሰማም። የሰው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየሁ እንደ ግድግዳ ልቆም ነው። ጆሮዬን የበላው ይሄ ድንጋይ ነው። ከእንግዲህ እኔም አላበላውም። አልፈጭም!»

ወፍጮው አልፈጭ አለ፤ በርበሬው አልነሳ አለ፤ ጋሽ ሸምሱ አላድስ አሉ፤ ፍራሹ አልውጥ አለ፤ ጥጉ ዝም አልል አለ፤ አምፑ አልናገር አለ፤ የትርንጎም ድምፅ ጥርት አልል አለ። ከወፍጮው ወዲያ ደግሞ ሄዳ የምትለምነው ሰው የለም።

ትርንጎ ልቧ ተነካ፤ ስለ ራሷ ማሰቡን ለአፍታ ተወችው። ቤቷ ስትለማመድ ጎረቤት እንዳትረብሽ ያለ አምፑ ነው የምትጫወተው፤ የጊታሩን ጫፍ ቁም ሣጥኗ ላይ ታስደግፍና እንጨቱ ይጮህላታል። አሁንም ዙሪያዋን አየች። እህል የሚፈስበት ትልቁ የሳንቃ ሣጥን ባዶውን ተቀምጧል። ጊታሯን ከጀርባዋ አወረደች፤ ጫፉን ሣጥኑ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስደገፈች፤ የአቶ ባልቻን መዳፍ ይዛ ሳንቃው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ መታችው።

አቶ ባልቻ እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው መነጨቁት። ከዚያ መልሰው፣ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም መዳፋቸውን አሳረፉ።

«እስኪ ድገሚው።»

ደገመችው። ቀጠለችበት፤ የሙሽራ መግቢያውን ምት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወረደችው። አቶ ባልቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አገጫቸው ከምቱ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

«ሰማሁት!» አሉ። «ደረቴ ድረስ ገባ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ይሄ እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ በኩራት። «እሑድ ከአምፑ አጠገብ አስቀምጥዎታለሁ። ዘፋኙን ላይሰሙት ይችላሉ፤ እኔን ግን ይሰሙኛል። ታዲያ ነገ ልምምድ ላይ ድምፄ እንዲህ ጠርቶ ካልወጣ፣ የላም እምታ ነው ብለው እሑድ አያስጫውቱኝም። እንዲጠራ ደግሞ ወፍጮው መፍጨት አለበት!»

አቶ ባልቻ ምኑም አልገባቸውም፤ ፍራሽና በርበሬ ከልጃቸው ሠርግ ጋር በምን እንደሚገናኙ ማንም ቢሆን አይገባውም። ግን ተነስተው ሞተሩን አስነሱት።

ወፍጮው ፈጨ። ወፍጮው ሲፈጭ በርበሬው ተነሳ። በርበሬው ሲነሳ ጋሽ ሸምሱ አደሱ፤ ዱላቸው ዷ ዷ እያለ ጥጡን እንደ ደመና አነሱት። ጋሽ ሸምሱ ሲያድሱ ፍራሹ ሆዱ ሞላና ወሬውን ዋጠ። ፍራሹ ሲውጥ ጥጉ ዝም አለ። ጥጉ ዝም ሲል አምፑ ተናገረ። አምፑ ሲናገር የትርንጎ ድምፅ ጥርት አለ።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ትርንጎ ጭራሽ ቮልዩሙን በግማሽ ቀነሰችውና ወፍራሙን ክር መታችው። ድምፁ ክብ ሆኖ፣ ጅማሬውም መጨረሻውም ተለይቶ ወጣ። የጣሪያው ቆርቆሮ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼ ተካልኝ ሳክስፎናቸውን አወረዱ።

«ቆይ፣ ቆይ! ማነው የጨመረው?»

«ማንም አልጨመረም፤ እኔ ነኝ የቀነስኩት» አለች ትርንጎ።

ጋሼ ተካልኝ ጥጉ ላይ የቆመውን ፍራሽ አዩ፤ እሷን አዩ፤ «ነገ እንዳታረፍጂ» ብቻ ብለው ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ከሁሉ የተደሰተው ኢዮስያስ ነበር፤ ግራ እጁ ቤዝ ችሎ እንደማያውቅ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

እሑድ ሙሽራዋ ገባች። እልልታው ቀለጠ፤ ዘፈኑ ተጀመረ፤ አቶ ባልቻ ከአምፑ ጎን ተቀምጠው ፊታቸው ጭልም እንዳለ ነው። ትርንጎ በቤዟ ዘፈኑ ውስጥ እስክትገባ ጠበቁ። ገባች። መዳፋቸውን አምፑ ላይ አሳረፉ፣ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምቱ ደረታቸው ሲገባ ብድግ ብለው እስክስታውን ወረዱት፤ አንዲት ምት ሳትዛነፍባቸው። እንግዳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆመ። ቤዛ ቬሏን ሰብስባ ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባዬ! ሰማህ እንዴ?» አለቻቸው እያለቀሰች።

አቶ ባልቻ ከንፈሯን አነበቡ።

«አንዷን ብቻ» አሉ ትከሻቸውን ሳያቆሙ፣ በአገጫቸው ወደ ትርንጎ እየጠቆሙ። «አንዷን ብቻ፤ እሷ ትበቃኛለች!»

ተረቴን በዚህ መለስኩ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ዱቄት የለም እንዳትሉኝ፤ ወፍጮው እየፈጨ ነው።