በኮንጎ ጫማ የተተከለ ቲማቲም

ጸሎቱን ጨርሶ ከማማተቡ በፊት አንዲት አጭር ልመና ጣል የሚያደርግ ሰው ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ እየሳቀ ይላታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የምሩን ነው። ጤናና እህል መለመን ያባት ነው፤ ይቺኛዋን ግን ሰው በጤናው ምን ቆርጦት ይለምናታል? መነሻ ቢኖራት ነው። መነሻዋን ሌላው ሌላ ይላል፤ እኔ የሰማሁት ከሮቢ ወንዝ ዳር ነው፤ ነገሩም የቲማቲም ነገር ነው።

አባባ ወንድይፍራው ለሠላሳ ዓመት የመንደሩ የውሃ አባት ነበሩ። ቦዩ ለማን ቀድሞ እንደሚከፈት፣ ማን ተራውን እንደሚጠብቅ የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆችና ሁለት ምራቶች አሏቸው። ትልቋ ምራት ደብሪቱ ቤታቸው ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚያ ቤት እጇ ያልገባበት ሥራ የለም። ታናሺቱ ስንዱ ትባላለች፤ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰው ሲጠራት አቤት ከማለት በቀር ድምጿ የማይሰማ።

የዚያን ዓመት መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌው ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸውና ሁለቱን ምራቶች ጠሩ።

«በቦዩ አፍ ያለችውን መሬቴን ከእንግዲህ አልችላትም» አሉ። «ዓይኔ እያየ ለምታለማት ልስጣት። ለሁለታችሁም ሦስት ሦስት መደብ እሰጣችኋለሁ፤ ቲማቲም ትከሉበት። ጥምቀት ሲቃረብ መጥቼ አያለሁ።»

የቦዩን አፍ መሬት የያዘ ሰው ውሃ ለምኖ አያውቅም። ደብሪቱ ያቺን መሬት ካገባች ጀምሮ ስታያት ኖራለች፤ ሽንኩርቱን እዚህ፣ ቃሪያውን እዚያ እያለች በልቧ ደልድላ ጨርሳለች። አሁን ትናንት ከመጣች ልጅ ጋር እኩል ተወዳደሪ መባሏ ብቻውን አመማት።

ሁለቱም ከአንድ ቦታ የፈላ ችግኝ ተካፍለው ተከሉ። የስንዱ ቀድሞ ጸደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብሪቱ የራሷን ቲማቲም ማየት ተወች፤ ጠዋት ወጥታ መጀመሪያ የምታየው የስንዱን ነው። ስንዱ አንድ ጊዜ ስታጠጣ እሷ ሁለት ጊዜ ታጠጣለች። ስንዱ አንድ ቅርጫት ፍግ ስታፈስ እሷ ሁለት ታፈሳለች። ውሃው ሲበዛበት የደብሪቱ ቲማቲም ከግርጌው ቢጫ እየሆነ መጣ። ባሏ ሸዋንግዛው አንድ ቀን ቆሞ አየና፣

«ቲማቲሙን ዋና ልታስተምሪው ነው እንዴ?» ቢላት ሁለት ቀን አኮረፈችው።

ነገሩ የባሰው ሽማግሌው በዚያ ያለፉ ለት ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ከስንዱ መደብ ጋ ቆሙና «እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ የነካሽው ሁሉ ይጸድቅልሻል» አሏት። ከደብሪቱ መደብ ጋ ሲደርሱ «በርቺ» ብቻ ብለው አለፉ። በርቺ! አሥራ አንድ ዓመት ውሃ የቀዳችላቸው፣ ታመው ሲተኙ ያስታመመቻቸው እሷ! ያቺ ቃል ሆዷ ውስጥ እንደ ፍም ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ፣ ቀልድ አላስቅ አላት። ስንዱ «እትዬ ደብሪቱ፣ እንዴት አደርሽ?» ስትላት እንኳ የምታላግጥባት ይመስላታል።

ኅዳር ሃያ አንድ ጽዮን ማርያም ናት። ያን ቀን በመንደሩ አፈር የሚነካ የለም፤ ዶማ የያዘ ሰው ቢታይ «በረዶ ልታስወርድብን ነው?» ተብሎ ይገሠጻል። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ደብሪቱ ወገቤን አመመኝ ብላ ቀረች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ስንዱ መደብ ወረደች።

መጀመሪያ ያሰበችው መንቀል ነበር። ግን ደብሪቱ ቂል አይደለችም። የተነቀለ ቲማቲም ምቀኛ አለ ብሎ ይጮሃል። ጎንበስ ብላ ስታይ በየቅጠሉና በግንዱ መሃል፣ ልክ በብብቱ፣ ለጋ ለጋ ቡቃያ ወጥቷል። አሃ! አለች። ነገ ቅርንጫፍ ሆነው የሚያፈሩት እነዚህ አይደሉ? ግንዱን ትታ እነሱን ብቻ ብትለቅም ማን ያውቃል? ቲማቲሙ ቆሞ ይታያል፤ ፍሬ ግን አይኖረውም።

ለቀመች። ቀጭ ቀጭ እያደረገች ሦስቱንም መደብ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ብብት ሳታስቀር ለቀመች። የራሷን መደብ እንዲያ ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። ጣቶቿ አረንጓዴ ሆኑ፤ የቲማቲሙ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው፤ ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት።

የለቀመችውን የት ታድርገው? ቤት ብትወስደው ይታያል። ከስንዱ መደብ ጎን ውሃ መልቀቅ የቀረበት አሮጌ ቦይ አለ፤ ሆዱ ግን ከዋናው ቦይ በሚሰርገው ውሃ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። እዚያ ወርዳ እየጣለች በጫማዋ ረገጠችው። አንድ እርምጃ፣ አንድ ጭብጥ ቡቃያ፣ ርግጥ። እንደገና አንድ እርምጃ፣ አንድ ጭብጥ፣ ርግጥ። ጫፉ ብቅ ያለውን ደረቅ ሣር አለበሰችው። ቤቷ ገብታ ታጥባ ጋደም አለች። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «ወገብሽ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቃት። «ተመስገን፣ ቀለል ብሎኛል» አለች፤ በዚህስ አልዋሸችም።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ መጠበቅ ሆነ። የስንዱ ቲማቲም ዛሬ ይጠወልጋል፣ ነገ ይገረጣል ብላ ጠበቀች። አልጠወለገም። ጭራሽ አንገቱን አቀና፤ አበባው ወደ ፍሬ ዞረ፤ ፍሬውም በየቀኑ ሲያዩት የሚያድግ ሆነ። የራሷ ግን በየብብቱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ እያወጣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ቅጠል ብቻ ሆነ።

ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ጉድ ተሰማ። የውሃ ተራቸውን ሊጠብቁ የመጡ እማማ ወርቅያንጥፉ የሚባሉ ጎረቤት በአሮጌው ቦይ ውስጥ ሣሩን ገፍቶ የወጣ ነገር አይተው እልልታቸውን አቀለጡት።

«ኑ ተመልከቱ! ሰው ያልተከለው ቲማቲም! ያውም በመስመር!»

ስንዱ ሮጣ መጣች። «እመብርሃንን፣ እኔ አልተከልኩም!» ብላ ማለች።

«አንቺማ አልተከልሽም። ከጽዮን ማርያም በፊት እዚሁ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ጭቃ እንጂ ሌላ አልነበረም። አንቺ ስታስቀድሺ እሷ ወርዳ ተክላልሽ ነው!»

ወሬው መንደሩን ዞረ። ሴቶች እየመጡ ተሳለሙ፤ ስንዱም ለቲማቲሞቹ ድጋፍ እንጨት አቆመችላቸው። ደብሪቱ ልትነቅላቸው ሁለት ጊዜ ሄደች፣ ሁለት ጊዜም ተመለሰች። ማርያም ተከለችው የተባለውን ማን ደፍሮ ይነቅላል? አንጀቷ አረረ። ያ ሁሉ ማጎንበስ፣ ያ ሁሉ መርገጥ የእሷ ነው፤ ምስጋናው ግን ለስንዱ ሆነ። የገዛ ተንኮሏ እንኳ ከድቷት ለስንዱ አደረ።

ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው አባባ ወንድይፍራው በከዘራቸው እየተመረኮዙ መጡ፤ ጎረቤቱም ተከተላቸው። በመጀመሪያ የደብሪቱን ቅጠል ገልጠው ገልጠው የቀጋ ፍሬ የምታህል አንዲት ቲማቲም አገኙ። ከስንዱ መደብ ሲደርሱ አንዱን ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው መዘኑና ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ አሮጌው ቦይ ዳር ቆሙ። እዚያ ያሉት ቲማቲሞች አበባቸውን ጨርሰው ፍሬ ይዘዋል።

«እንግዲህ ማርያም ራሷ ከፈረደች እኔ ምን እጨምራለሁ?» አሉ። «መሬቷ የ...»

«እኔ ነኝ!» አለች ደብሪቱ።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ምኑን?» አሏት ሽማግሌው።

«የተከልኩት እኔ ነኝ! ማርያምም አይደለችም፣ እሷም አይደለችም! በዚህ ፀሐይ እያንዳንዱን በእግሬ የረገጥኩት እኔ ነኝ! ተአምር ተአምር ትላላችሁ፣ የተቆረጠው የኔ ወገብ ነው!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። አባባ ወንድይፍራው ከቦዩ ከንፈር ላይ የለበሰውን ሣር በከዘራቸው ጫፍ ገለጡት። በደረቀው ጭቃ ላይ ተረከዙ ተሰንጥቆ በሽቦ የተሰፋ የኮንጎ ጫማ ዱካ ወጣ። ቀና ብለው የደብሪቱን እግር አዩ።

«ጫማውስ ያንቺው ነው» አሉ። «ችግኙን ከየት አመጣሽው?»

የሰዉ ዓይን አንድ በአንድ ወደ ስንዱ ቲማቲም፣ ወደ ባዶው ብብት ሄደ። ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽማግሌው ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ብብቱን ነዋ የለቀምሽው! አይ አንቺ ልጅ! ቲማቲም ብብቱ ካልተለቀመለት ጉልበቱን ለቅጠል ይበትናል። የግብርናው ሰው ይህን ሲነግረን ማን ሲለቅም ይውላል ብለን ትተነው ነበር። እርጥብ አፈር ያገኘ ቡቃያ ደግሞ ስር ይሰዳል። ያውም በበዓል ቀን፣ ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ሲውል!»

ሰዉ ሳቀ። ደብሪቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች።

«አንድ ቀን እጅሽ ይባረክ ብለውኝ ያውቃሉ?» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። «በአሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀን?»

ሳቁ ቆመ።

«አላልኩሽም» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እሱ የኔ ጥፋት ነው። በዚህ ቦይ ያለው የእጅሽ ሥራ ነውና ፍሬው ያንቺ ይሁን። እጅሽ ይባረክ። ልብሽን ግን አጽጂ።»

ያን ጊዜ ድምጿ የማይሰማው ስንዱ ጠጋ አለችና «እትዬ ደብሪቱ፣ ለከርሞም ብብቱን አንቺው ልቀሚልኝ» አለቻት። ደብሪቱ ልትቆጣ ነጠላዋን ገለጠች፤ የልጅቷ ፊት ላይ ግን ፌዝ አጣችበት።

አባባ ወንድይፍራው ለመሄድ ተነሡና ወደ ስንዱ ዞረው እንዲህ አሏት፦ «መሬቷ ያንቺ ናት ልጄ፤ ከእንግዲህ ጤናም እህልም ለምነሽ ስትጨርሺ፣ ሳታማትቢ በፊት አንዲት ነገር መጨመር እንዳትረሺ፤ ‹ጌታዬ ሆይ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ!›»